ከስሙ በፊት ዋቱን ጠይቁ

(የመለያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

በዶዮገና፣ በአንጋጫ፣ በሺንሺቾ፣ በዱራሜ፣ በሆሳዕናና በዙሪያው ሆናችሁ የምትከታተሉን አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናነሣው የግራፊክስ ካርድ ዋጋንና የጌም ኮምፒውተር አመራረጥን ነው። ጌም የማትጫወቱ ሬዲዮናችሁን እንዳትዘጉ አደራ እላለሁ። በከተሞቻችን ይህን ዕቃ የሚፈልገው ተጫዋቹ ወጣት ብቻ አይደለም። የሰርግና የመዝሙር ቪዲዮ የሚያቀናብረው ባለሙያ፣ የቤት ፕላን በስሪዲ የሚሠራው ተማሪ፣ ባነርና ማስታወቂያ የሚያዘጋጀው ልጅ ሁሉ ለሥራቸው የሚፈልጉት ይህንኑ ካርድ ነው። ገንዘቡን የምታወጡ ወላጆች፣ ከደቡብ አፍሪካም ከሌላም አገር ለታናናሾቻችሁ ኮምፒውተር የምትልኩ ወንድሞችና እህቶችም ብታዳምጡን ትጠቀማላችሁ።

ኮምፒውተር ሊገዛ የተነሣ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ካርድ ይበልጣል?» ብሎ ነው። የእኔ ምክር ከስሙ በፊት ዋቱን እንድትጠይቁ ነው። ዋት ማለት ዕቃው የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል መጠን ነው። እኛ ዘንድ መብራት ይዋዥቃል፣ ይጠፋል። አብዛኛው ደስክቶፕ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዕቃ ነው። የተበላሸ ካርድ ለማስመለስም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ካርዱ አብሯችሁ ይቆይ ወይም ሌላውን ዕቃ ይዞ ይሂድ፣ በዋናነት የሚወስነው ዋቱ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ግን ካርዱ የሚሠራውን ሥራ በአጭሩ እንይ። ስክሪናችሁ በጣም ጥቃቅን በሆኑ ነጥቦች የተሞላ ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው ስክሪን ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ጌሙ ሳይንቀጠቀጥ እንዲታይ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም በሰከንድ 60 ጊዜ ማስላት አለበት። ፕሮሰሰሩ ይህን ብቻውን አይችለውም። ግራፊክስ ካርዱ ግን በአንድ ጊዜ አብረው የሚያሰሉ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ማስያዎች አሉት። መካከለኛ የሚባለው ጂቲኤክስ 1650 እንኳ 896 አለው። ካርዱ የራሱ ማስታወሻም አለው፤ 4 ጊጋ፣ 6 ጊጋ፣ 8 ጊጋ የሚባለው እሱ ነው። ቪዲዮ ስታቀናብሩ ሬንደሩን የሚያፈጥነውም ይኸው አቅም ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚያማርርበትና ብዙም የማይብራራለት እሱ ነው።

የካርድ ዋጋ መነሻው ሩቅ ነው። የካርዱን ልብ፣ ቺፑን፣ የሚነድፉት በዋናነት ኤንቪዲያና ኤኤምዲ የሚባሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው፤ ኢንቴልም በቅርብ ዓመታት ተቀላቅሏቸዋል። ኤንቪዲያና ኤኤምዲ ግን ቺፑን የሚያሠሩት በራሳቸው ፋብሪካ አይደለም። አብዛኛው የሚመረተው ታይዋን ውስጥ ባለው ቲኤስኤምሲ በተባለው ኩባንያ ነው። ስለዚህ እዚያ አንድ ነገር ሲፈጠር ወሬው ሳይደርሰን ዋጋው ይደርሰናል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በመስከረም 2020 ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080 የተባለውን ካርድ በ699 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዋጋ ለመግዛት የቻለው ሰው ጥቂት ነበር፤ በሁለተኛ እጅ ገበያ ከእጥፍ በላይ ተሸጠ። በኮሮና ምክንያት ሰው ቤት ስለዋለ የኮምፒውተር ፍላጎት ጨምሮ ነበር፤ ቺፕም በዓለም ዙሪያ እጥረት ነበረበት። ሦስተኛው ምክንያት ኢተርየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ ነው። ኢተርየምን ለማምረት የሚያገለግለው ይኸው የጌም ካርድ ስለነበር፣ ማይነሮች የሚባሉት አምራቾች ካርዱን እያሰሱ በብዛት ይሰበስቡት ጀመር። ከዚያም በመስከረም 2022 ኢተርየም አሠራሩን ለወጠና በካርድ ማምረት በአንድ ቀን ቆመ። ሌትና ቀን ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች በገፍ ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ወጡ። ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ከእነዚህ አንዱ ሊያጋጥማችሁ እንደሚችል አስቡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን አንድ ነገር ላጥራ። በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል እየገዙ ቢትኮይን የተባለውን ሌላ ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ድርጅቶች መኖራቸውን በዜና ሰምታችኋል። እነሱ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ለቢትኮይን ብቻ የተሠራ ሌላ ማሽን ነው፤ ጌም አያጫውትም። የካርድ መወደድን በእነሱ ማመካኘት ልክ አይሆንም።

ዛሬ ፋብሪካውን የሚሻማው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ትልልቅ የመረጃ ማዕከላት በአንድ ቺፕ የሚከፍሉት ተጫዋች ከሚከፍለው ጋር አይወዳደርም፤ አምራቾችም ወደ እነሱ ያዘነብላሉ። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ሽሚያው ራም በሚባለው የኮምፒውተር ማስታወሻ ላይ ደረሰ። ማይክሮን የተባለው ታዋቂ የራም አምራች ለተራ ገዢ ያቀርበው የነበረውን ክሩሻል የተሰኘ ምርቱን ሊያቆም መሆኑን በታኅሣሥ 2025 አስታወቀ። ካርዱም የራሱ ማስታወሻ ስላለው ከዚህ አያመልጥም። «ትንሽ ብታገሥ ይረክሳል» የሚል ሁሉ ይህን ይወቅ፤ ዕቃው ስላረጀ ብቻ የሚረክስበት ዘመን አሁን አይደለም።

ይህ በዶላር ያለው የዋጋ ታሪክ ነው። የብሩ ሒሳብ ደግሞ ለብቻው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። በዚህ ስሌት አንድ ካርድ እንይ። አርቲኤክስ 4060 ሲወጣ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። በ57 ብር ስናባዛው 17 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። በ135 ብር ስናባዛው 40 ሺህ ብር ያልፋል። ካርዱ ያው ነው፣ የዶላር ዋጋውም ያው ነው፤ የተለወጠው ምንዛሪው ብቻ ነው። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማጓጓዣ፣ የአስመጪውና የቸርቻሪው ትርፍ ይታከላል። የሆሳዕና ባለ ሱቅ የአምናው ዋጋ ሲነገረው ፊቱን ቢያዞር አትቀየሙት፤ ዛሬ የሸጠውን ዕቃ ነገ በዛሬው ምንዛሪ ነው የሚተካው።

ከዚህ ለገዢ የሚጠቅም ዘዴ ይወጣል። የምትፈልጉት ካርድ ሲወጣ ስንት ዶላር እንደነበር ፈልጉ፤ በስልካችሁ ኢንተርኔት በቀላሉ ይገኛል። በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ አባዙት፣ 15 በመቶ ጨምሩበት። የተጠየቃችሁት ዋጋ ከዚህ በጥቂቱ ቢበልጥ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ነው። በብዙ ቢበልጥ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ካርዱ ያገለገለ ሆኖ ከአዲሱ ስሌት ጋር ከተቀራረበ ደግሞ አትግዙት።

ካርዱ የወጣበትን ዓመትም አብራችሁ እዩ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይና ጂቲኤክስ 1060 በፈረንጆች 2016 የወጡ ናቸው። ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ ካርዶች ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር፣ በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ የቀረላቸው የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ነው። ያላችሁን አትጣሉ፤ ኳሱንም፣ የመኪናውንም ጌም ገና ያጫውታችኋል። ዛሬ አዲስ ገንዘብ አውጥቶ እነሱን ለመግዛት ግን ዋጋው በእርግጥ ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ዋቱ እንመለስ። ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ካርዱ የሚሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ረጅም ማስገቢያ ነው። ያ ማስገቢያ በራሱ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል እስከ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላይ በቀጥታ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ ይሻል፤ ባለ 6 ጥርስ ወይም ባለ 8 ጥርስ የሚባለውን። ይህች 75 የተባለች ቁጥር ለእኛ አገር ገዢ ከየትኛውም ቁጥር ትበልጣለች።

ምክንያቱ በእጃችን ያለው ኮምፒውተር ነው። በየሱቁ ተደርድሮ የምታዩት ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር የተሠራው ለቢሮ ነው። ጠንካራ ነው፣ ዋጋው ከአዲስ ይሻላል፣ እኔም ከልቤ የምመክረው ነው። ነገር ግን ፓወር ሰፕላዩ ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 300 ዋት ባለው ውስጥ ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም በአብዛኛው የለውም። ፓወር ሰፕላዩን እለውጣለሁ ቢባል ደግሞ በብዙዎቹ ላይ የማዘርቦርዱ መሰኪያ ከተለመደው የተለየ ስለሆነ በቀላሉ አይገጥምም።

እንበል አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ደስክቶፕ አለው፤ አርኤክስ 580 የተባለ ካርድ በጥሩ ዋጋ አገኘ። ካርዱ ፈጣን ነው፣ 8 ጊጋም አለው። የሚወስደው ኃይል ግን 185 ዋት ነው። ገመድ የለም ሲባል አንዱ መጥቶ «ከሃርድ ዲስኩ ገመድ በአዳፕተር እንስጠው» ይለዋል። ይህን እንዳታደርጉ። የሃርድ ዲስክ ገመድ የተሠራው ለትንሽ ኃይል ነው፤ ያን ያህል ሲሳብበት ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። በካርድ የጀመረ ነገር በቤት ቃጠሎ እንዳይደመደም እሰጋለሁ።

በ75 ዋት ውስጥ ምን ይገኛል? በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 የሚወስደው 70 ዋት ነው፤ ተጨማሪ ገመድ አይጠይቅም። አጭር ቁመት ያለው ዓይነትም ስላለው ቀጭን ኬዝ ውስጥ ይገባል። አዲስ ካርድ መግዛት የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ በመጀመሪያ የምጠራለት እሱን ነው። ከእሱ ቀጥሎ ጂቲኤክስ 1650 አለ፤ 75 ዋት ነው። ነገር ግን አንዳንዱ 1650 ባለ 6 ጥርስ ገመድ ይጠይቃልና ካርዱን ዘቅዝቃችሁ ጠርዙን እዩ። ብዙ ሰው የማያውቃቸው ደግሞ የቢሮ ካርዶች ናቸው። ኳድሮ ፒ1000 47 ዋት፣ ቲ1000 ደግሞ 50 ዋት ብቻ ነው የሚወስዱት። ለምህንድስናና ለዲዛይን ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ ጌምም በደንብ ያጫውታሉ። ቲ1000 በውስጡ ያለው የማስያ ብዛት ከ1650 ጋር እኩል ነው። መሰኪያቸው ሚኒ ዲስፕሌይፖርት የሚባል ትንሽ መሰኪያ ስለሆነ አብሮ አዳፕተር መያዝ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ስክሪን አታዩም።

በእነዚህ ካርዶች ምን ይጫወታል? ጂቲኤ 5 በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ የጠየቀው ካርድ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ ነበር። የእግር ኳሱ ኤፍሲ 24 ቢያንስ የሚጠይቀው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይን ነው። ካውንተር ስትራይክም ይሄዳል። የማይሄዱም አሉ። በ2024 መጨረሻ የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም ሬይ ትሬሲንግ የሚባለውን የብርሃን ስሌት በካርዱ ላይ ግዴታ ስለሚያደርግ በጂቲኤክስ 1650 ጭራሽ አይነሣም። ለእነዚያ ጌሞች ሲባል ትልቅ ካርድ፣ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ፣ አዲስ ኬዝ የሚገዛ ሰው ገንዘቡ ካለው መብቱ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጫወተው ግን ኳስ ነው፤ ለኳስ ያን ያህል አያስፈልግም።

ዋቱ ሌላም ቦታ ይከተላችኋል። መብራት ሲዋዥቅ ኮምፒውተሩን የሚያድነው ዩፒኤስ ወይም ስታብላይዘር ነው። በብዛት የሚሸጠው 650 ቪኤ ዩፒኤስ በእውነቱ የሚችለው ከ400 ዋት በታች ነው። የቢሮ ደስክቶፕ ባለ 75 ዋት ካርድ ይዞ ጌም ሲያጫውት በአጠቃላይ ከ200 ዋት ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ዩፒኤሱ ጌሙን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣችኋል። በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5090 ግን ካርዱ ብቻውን 575 ዋት ይወስዳል። ያንን በትንሽ ዩፒኤስ ላይ መሰካት ዩፒኤሱን ማጥፋት ነው።

ሙቀትም የዋት ጉዳይ ነው፤ ካርዱ የወሰደው ኃይል ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ዶዮገና ደጋ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር በማራገቢያ ሲነፍስ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ደግነቱ አየራችን ቀዝቃዛ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያካክሳል። ይህን ጥቅም ግን በገዛ እጃችን የምናጠፋበት ጊዜ አለ፤ ለጌጥ ብለን ኮምፒውተሩን በጥልፍ ጨርቅ እንሸፍነዋለን፣ ወይም ግድግዳ ላይ እናስጠጋዋለን። እናቶቻችን ለንብረት ብለው ነው የሚያደርጉት፤ በሚሠራበት ሰዓት ግን ጨርቁ ይነሣ፣ ከግድግዳውም ትንሽ ይራቅ። በበጋ አቧራው ሲበዛ ኬዙን ከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍም ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ስሞቹ ልናገር። በካርድ ገበያ ገዢን የሚጎዳው ትልቁ ነገር አንድ ስም ለሁለት ዕቃ መሰጠቱ ነው።

አርቲኤክስ 3050 ሲባል ባለ 8 ጊጋውና ባለ 6 ጊጋው የተለያዩ ካርዶች ናቸው፤ ልዩነቱ የማስታወሻ መጠን ብቻ አይደለም። ባለ 8ቱ ፈጣን ነው፣ 130 ዋት ይወስዳል፣ ገመድም ይጠይቃል። በጂቲኤክስ 1060 ላይም ባለ 3 ጊጋው ከባለ 6 ጊጋው የማስያ ብዛቱ ያነሰ ነው። አርኤክስ 580 ተብሎ ከኋላው 2048 የሚል ቁጥር ካለበት፣ በውስጡ ያለው የአርኤክስ 570 አቅም ነው፤ የ580 ዋጋ አትክፈሉበት። ጂቲ 1030 ደግሞ በዲዲአር 4 ማስታወሻ የተሠራው በጂዲዲአር 5 ማስታወሻ ከተሠራው እጅግ የዘገየ ነው፤ ካርቶኑ ላይ በትንሽ ጽሑፍ ነው የሚለየው። ለማይኒንግ ብቻ የተሠራው ፒ106 ጭራሽ የስክሪን መሰኪያ የለውም።

ከዚህ የባሰው ሐሰተኛው ነው። በ2010 እና በ2011 የነበሩ አሮጌ ካርዶችን ሶፍትዌራቸውን ቀይረው ራሳቸውን «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ» ብለው እንዲያስተዋውቁ የሚያደርጉ አሉ። ዊንዶውስ ያምናቸዋል። እናንተ ግን ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ መሰኪያውን እዩ፤ ከ1050 ትውልድ ጀምሮ የኤንቪዲያ ቺፖች አሮጌውን ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ ትተውታል። 1050 ቲአይ ነው ተብሎ ቪጂኤ ካለው ተጠራጠሩ። ሁለተኛ ጂፒዩ ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ሐሰተኛ ካርድ ሲያገኝ ከስሙ ፊት ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋል። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጨምር፤ ሞኒተራችሁ አሮጌ ሆኖ ቪጂኤ ብቻ ካለው፣ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ከካርዱ ጋር ግዙ።

ሞኒተር ካነሣን፣ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት የስክሪናችሁን መጠን እወቁ። ብዙ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥንና አሮጌ ሞኒተር 1366 በ768 ነው፤ የነጥቡ ብዛት የፉል ኤችዲ ግማሽ ነው። ለእሱ ትልቅ ካርድ መግዛት የማይታይ ነገር መግዛት ነው።

ካርድ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰውስ? ለእሱም መልስ አለ። ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂን የመሳሰሉ ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው ጥሩ ግራፊክስ ይዘው ነው የሚመጡት፤ በላፕቶፖች ውስጥ ያለው አይሪስ ኤክስኢ ግራፊክስም እንደዚሁ ነው። እነዚህ ግራፊክሶች የራሳቸው ማስታወሻ ስለሌላቸው የኮምፒውተሩን ራም ይጋራሉ። ስለዚህ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ከማድረግ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ማድረግ በጣም ይሻላል። አንዱን ብቻ ማድረግ በአንድ በሬ እንደማረስ ነው፤ ሁለቱ ሲጠመዱ መረጃው በሁለት መስመር ይሄዳል፣ ጌሙም በግልጽ ይፈጥናል። ካርድ ሳይገዙ በራም ብቻ ይህን ያህል ለውጥ የሚያገኙ ብዙ ሰዎች አሉ፤ የሚነግራቸው ግን የለም።

ስለ ላፕቶፕ ባጭሩ። ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ አይሞትም፤ ለተማሪ እሱ ይመረጣል። ነገር ግን የላፕቶፕ ካርድ ስሙ ከደስክቶፑ ጋር አንድ ቢሆንም አቅሙ አንድ አይደለም። የላፕቶፕ አርቲኤክስ 4060 እንደ ሞዴሉ ከ35 ዋት እስከ 115 ዋት ሊሰጠው ይችላል፤ ባለ 35ቱና ባለ 115ቱ አንድ ስም ይዘው ይሸጣሉ። እዚህም ዋቱን ጠይቁ። ካርዱም እንደ ደስክቶፕ ተነቅሎ አይቀየርም።

አሁን ለመግዛት ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ ልንገራችሁ። አንድ ፍላሽ ያዙ። ጂፒዩ ዚን፣ ካርድን የሚፈትነውን ፈርማርክ የተባለውን ፕሮግራም፣ ከተቻለም የምትጫወቱትን ጌም ጫኑበት። ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ካርዱ እዚያው ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይሰካ። ፈርማርክን 15 ደቂቃ አስኪዱት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስክሪኑ ላይ የማይገባ ነጥብ ወይም መስመር ከታየ፣ ስክሪኑ ጠቁሮ ከተመለሰ፣ ማራገቢያው ከተንገጫገጨ፣ ሙቀቱ 85 ዲግሪ አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ተዉት። ካርዱ ማይኒንግ ላይ የዋለ መሆኑ ብቻውን አያስጥልም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ማራገቢያውና የሙቀት ቅባቱ ነው፣ ሁለቱም ይቀየራሉ። ሻጩ ለመፈተን ጊዜ ከነፈጋችሁ ግን በትሕትና አመስግናችሁ ውጡ። ከዶዮገና ተነሥቶ አዲስ አበባ የሄደ ሰው መመለሻው ቀላል አይደለምና 15 ደቂቃ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የዋስትናውን ቀንና የካርዱን መለያ ቁጥር በጽሑፍ አስሰፍሩበት።

በመጨረሻ ከውጭ ለምትልኩና ለምትቀበሉ። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ ኮምፒውተር ኤሌክትሪኩ ከእኛ ጋር ይስማማል፤ መሰኪያው ግን ሦስት ወፋፍራም ክብ ጥርስ ያለው ስለሆነ የእኛ ሶኬት አይቀበለውም። ገመዱን ብቻ ቀይሩ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው ላይ ግን ከመሰካታችሁ በፊት የፓወር ሰፕላዩን ጀርባ እዩ። 100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈበት ያለ ሥጋት ሰኩት። አንዳንዱ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ግን በስተጀርባው 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለው። አሜሪካ የነበረ ስለሆነ 115 ላይ ነው የሚገኘው፤ እንዲሁ በእኛ 220 ላይ ከሰካችሁት በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። ገመዱ ከመሰካቱ በፊት ቀዩን ማንሸራተቻ በቀጭን ነገር ጫፍ ገፍታችሁ 230 ላይ አድርሱት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የቢሮ ደስክቶፕ ላይ ኤስኤስዲ የተባለውን ማከማቻ ስለመግጠም እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)